ጭሱ የማን ነው

ኅዳር 6

ገለባ ስመዝን ዋልኩ። ጣቶቼ እስካሁን ያሳክኩኛል። ከየማሳው ያጨድነውን በወረቀት ከረጢት አድርገን ምድጃ ውስጥ እናደርቀዋለን። መልሰን ስንመዝነው የጎደለው ውሃ ነው፣ የቀረው የሚነድ ነው። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ገበሬው ለቀጣዩ ዘር ሲል ከሚያቃጥለው ገለባ የሚወጣውን ጭስ መገመት። ስንት መሬት ተቃጠለ? መሬቱ ላይ ስንት ገለባ ነበር? ከገለባው ምን ያህሉ ነደደ? ከነደደው ስንት ጭስ፣ ስንት ካርቦን ወጣ? አራቱን ማባዛት ነው። ማባዛቱን ማንም ይችለዋል። ክፋቱ አራቱም ግምት መሆናቸው... ግምት በግምት ሲባዛ ስህተቱም አብሮ ይባዛል።

ባልደረባዬ ነፋሱ ዛሬም ከወንበሩ ሳይነሳ ዋለ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ጭሱን ነፋስ ወዴት እንደወሰደው የሚያሰላው እሱ ነው፤ ራሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ኃላፊያችንን ደግሞ "አይዞሽ" ብዬዋለሁ። ጣሪያ ቢያፈስም፣ ኮምፒውተር ቢበላሽም፣ ሰው ቢሞትም "አይዞሽ" ነው የሚለው። ጸሐፊያችን እትዬ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቅ አያልቅባትም። ልጇ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብታለች... ባንጠይቃትም ትነግረናለች።

እማዬ ሳሏ ብሶባታል። ቤት ስገባ "ደግሞ ጭስሽን ይዘሽብኝ መጣሽ" አለችኝ። ልብሴን በር ላይ ማውለቅ ሳይኖርብኝ አይቀርም።

ኅዳር 10፣ እሑድ

ጋሼ እማዬን ሊጠይቅ መጣ። ከነሚስቱ፣ ከነሚስቱ ወንድም። ድንች በጆንያ ይዞ። እማዬ የበኩር ልጇን ስታይ ሳሏም ይተዋታል... ሐኪም የማያውቀው መድኃኒት። እኔ ጋ የምትኖረው ለክሊኒኩ ስለምቀርብ እንጂ ልቧስ እሱ ጋ ነው።

የሚስቱ ወንድም ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሳልመልስ ጋሼ ቀደመኝ። "እህቴ ጭስ ትመዝናለች። እኛ እህል፣ እሷ ጭስ።"

"ታዲያ ኪሎው ስንት ይሄዳል?" አለ ሰውዬው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እማዬ እስኪያስላት ሳቀች።

ዝም ብል ምን ነበረበት? "አንተ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቀረህ ከኪሎ ሌላ አታውቅም" አልኩት።

ሳቁ ቆመ። አባታችን ሲሞት ጋሼ ትምህርቱን ጥሎ እርሻ የገባው እኔ እንድማር ነው። ቤት ውስጥ ከነበረው ሰው ይህን የማያውቅ አልነበረም። እማዬ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እሱ ግን "ተያት እማዬ፣ እውነቷን ነው" አለና ድንቹን ተሸክሞ ወደ ጓዳ ገባ።

ሲሄዱ በር ላይ ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ስለ ገለባ አወራሁት። የዝናቡ ውሃ ሳይጠነፍፍ እንዳያቃጥል፣ እርጥብ ገለባ እንደማይነድ፣ ሲጤስ እንደሚያድር ነገርኩት። መሬቱ እርጥበት ሳለ ሁለተኛውን ዘር ካልዘራ ዓመቱን እንደሚያጣ ነገረኝ። ዘር የሳተላይት ፈቃድ አይጠብቅም አለኝ። እየሳቀ። የሳቀው ግን ጥርሱ ብቻ ነው።

ኅዳር 15

ሰማዩ የዕቃ እጣቢ መስሏል። ከቢሯችን መስኮት ማዶ ያለው ፎቅ አይታይም። እሳቱን የምናይበት ሳተላይት ሲያልፍ የታዩት ትኩስ ነጥቦች ጥቂት ናቸው፤ የቀረውን ደመና ሸፍኖታል። የማይታየውን እንዴት ልቁጠረው?

እማዬ ሙሉ ቀን መስኮት ዘግታ ዋለች።

ኅዳር 16

ምን ብዬ ልጻፈው...

ጠዋት፣ ከድልድዩ ወዲያ አውራ ጎዳናው ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ፣ አውቶቡስና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ተጋጩ። ጭሱ ከጉም ጋር ተደባልቆ ዝቅታው ውስጥ ተኝቶ ነበር አሉ። ሾፌሮቹ የገዛ መብራታቸውን እንኳ አያዩም ነበር። አውቶቡሱ የኮሌጅ ተማሪዎች የሚሳፈሩበት ነው።

ሬዲዮው ይህን ሲናገር እትዬ ትተይብ ነበር። ስልኳን አወጣች። ደወለች። "ይጠራል" አለችን። እንደገና ደወለች። "ይጠራል እኮ።" ፊቷ እየበራ ሄደ። የሚጠራ ስልክ ደህና ነው፤ ስልኩ ደህና ከሆነ የያዘችውም ደህና ናት... እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ሁላችን ከበናት ቆመን ጥሪውን እንሰማለን። ቆይቶ ተነሳ። የወንድ ድምፅ ነው። ፖሊስ መሆኑን ነገራት።

አይዞሽ መጥቶ "አይዞሽ" አላት። ሌላ ምን ይበል?

ኅዳር 17

ቀበርናት። አንድ እግር ጫማዋ አልተገኘም። እትዬ ከሰው ሁሉ የምትጠይቀው እሱን ብቻ ነው።

ኅዳር 21

ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤታችንን ጠየቀ። ያን ጠዋት መንገዱ ላይ የተኛው ጭስ ከየት መጣ፣ ምን ያህልስ ነበር? አይዞሽ ጠርቶ ለእኔና ለነፋሱ ሰጠን።

እኛ የምንገምተው የአንድ ወቅት፣ የሰፊ አገር ጭስ እንደሆነ፣ የአንድ ጠዋትና የአንድ መንገድ ጭስ ለመለየት ዓይናችን እንደማይደርስ አስረዳሁት። አውቃለሁ አለኝ። "የሚፈልጉት ግምት ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ሥራችን መገመት ነው። አይዞሽ።"

የእትዬ ወንበር ባዶ ነው። የኮምፒውተሯን ልብስ የሚገልጠው የለም።

ኅዳር 23

ነፋሱ ከአደጋው ሰዓት ተነስቶ የዚያን ጠዋት ነፋስ በስሌት ወደ ኋላ መለሰው። ቀስ ያለ ነፋስ ነው፤ ከወንዙ ሸለቆ ወርዶ ዝቅታው ላይ ይቆማል። እኔ ደግሞ የዋዜማውን ከሰዓት ምስል ከፈትኩ። በደመናው ቀዳዳ በኩል፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ተጣብቀው የተቀመጡ ትኩስ ነጥቦች አሉ። አራት ማሳ።

መታጠፊያውን ለማወቅ ካርታ አላስፈለገኝም። ዋና የተማርኩት እዚያ ነው። ከአራቱ ሁለተኛው የአባታችን መሬት ነው። የጋሼ።

ምስሉን ዘጋሁት። ከፈትኩት። ምን ይለወጣል ብዬ ነው?

ኅዳር 24

ነፋሱ ዛሬ ከወንበሩ ተነሳ። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋውና አጠገቤ ቆመ። የማሳዎቹ ባለቤቶች ዝርዝር ከመሬት አስተዳደር ሲመጣ አይቷል፤ የአባቴን ስም ያውቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። የነፋሱን ስሌት ሁለት ሰዓት ወደፊት ብናስጀምረው ጭሱ ከወንዙ ወዲያኛው ዳርቻ የመጣ ይመስላል። ሁለት ሰዓት በስህተት ወሰን ውስጥ ነው፤ ማንም አይጠይቀንም። "እኔ አደርገዋለሁ። አንቺ ብቻ አትፈትሺኝ" አለኝ።

ከወዲያኛው ዳርቻም ሰው አለ አልኩት። እሱም የሰው ወንድም ነው።

ጥሩ መልስ ነው፤ ስናገረውም ደስ አለኝ። አሁን ብቻዬን ሆኜ ሳስበው ግን... በእውነት ስለዚያኛው ሰው አዝኜ ነው? ወይስ "ኪሎው ስንት ይሄዳል" ብለው የሳቁት ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ስላለ? ለእውነት ነው ወይስ ለቂም? ሁለቱም እኩል ይነድዳሉ። አመዳቸውም አይለይም።

ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 26

ከማሳዎቹ ናሙና መውሰድ ነበረብኝ። ሌላ ሰው መላክ እችል ነበር። ራሴ ሄድኩ።

ጋሼ ከሩቅ አይቶኝ እየሮጠ መጣ። የእሑዱን ነገር ረስቶታል፤ እሱ ቂም አይዝለትም። አደጋው የደረሰው የመሥሪያ ቤቴ ሰው ላይ መሆኑን ሰምቶ ኖሮ እግዜር ያጽናችሁ አለኝ። መሬቱ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ያልነደደ ገለባ ነው። እርጥብ ስለነበር እሳቱ ዘሎ ዘሎ ሄዷል። እንደፈራሁት ነው። ይጤስ ነበር ማለት ነው።

የናሙናውን ስፋት የምለካበትን የብረት ማዕቀፍ መሬት ላይ ሳስቀምጥ ጎንበስ ብሎ ያዘልኝ። ውስጡ የቀረውን ገለባ ለቀምኩ፣ አመዱን በብሩሽ ጠረግኩ። ከረጢቱን ከፍቶ ያዘልኝ። አመዱ እንዳይበንብኝ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ።

"ለምንድነው ይሄ?" አለኝ።

"ለጥናት" አልኩት።

ከረጢቶቹን ተሸክሞ መኪናው ድረስ አደረሰልኝ። ሾፌሩን በደንብ እንዲይዛቸው አደራ አለው። "የእህቴ ልፋት ነው" አለው።

ኅዳር 29

እትዬ ወደ ሥራ ተመለሰች። ጥቁር ለብሳ፣ ከስታ። ሪፖርቱን ራሴ እተይበዋለሁ ብያት ነበር፤ እምቢ አለች። የልጇ ነገር ከሆነ ከእጇ እንዲያልፍ ትፈልጋለች።

አጠገቧ ተቀምጬ አነበብኩላት። ከአራቱ ማሳዎች የወጣው ብናኝ ከግማሽ ኩንታል እስከ ሦስት ኩንታል ይገመታል። ጭሱ ከአራቱ ከየትኛው እንደመጣ መለየት አይቻልም። ጉሙ ብቻውን ምን ያህል እንደጋረደ አይታወቅም። ሳተላይቱ ካለፈ በኋላ ሌላ እሳት ተነስቶ እንደሆነም አይታወቅም። እነዚህን ሁሉ አስገባሁ፤ አንድም አልደበቅኩም። ከዚያ የባለቤቶቹ ስም መጣ። ሁለተኛው ላይ እጇ ቆመ።

"ይሄ አባትሽ ነው?"

"አባቴ ሞቷል። መሬቱን የሚያርሰው ወንድሜ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። ምን ትል ይሆን ብዬ ጠበቅኩ... ሳልዋሽ ልጻፈው፤ እጄን ትይዘኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ሦስተኛውን ስም ተየበች።

ታኅሣሥ 4

ጋሼን ወሰዱት። አራቱንም ወሰዱ። ሚስቱ ልጅ አዝላ ከጠዋቱ መጣች። ለማን አቤት እንደምትል አታውቅም፤ የተማርኩት እኔ ነኝና እኔ ጋ መጣች። መሥሪያ ቤትሽ ሰው ካለ ንገሪልን፣ ማን እንደጻፈበት እንኳ እንወቅ አለችኝ። እማዬ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ታዳምጣለች።

ልዋሽ እችል ነበር። "እኔ ነኝ የጻፍኩት" አልኩ።

የወንድሜ ሚስት የገባት አልመሰለኝም። እማዬ ግን ገባት። ተረጋግታ፣ ሳትጮህ፦ "እሱ የተዋት ትምህርት መልሳ በላችው" አለች። ለእኔ አይደለም ያለችው፤ ለምራቷ ነው።

ከአራት ማሳ አንዱ ነው የሚለው፣ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም የሚለው እንደተጻፈ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ከግማሽ ኩንታል እስከ ሦስት ኩንታል ስል የራሴ ድምፅ አስጠላኝ።

ታኅሣሥ 6

እማዬ ሄደች። ምራቷ ጋ። እዚያ ክሊኒክ የለም፣ ጭሱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሁለቱንም ነገርኳት። ነጠላዋን እያጣፋች፦ "የወንድምሽን ጭስ ብስለው ይሻለኛል" አለች። ትርጉሙ አልገባኝም። ገብቶኛል።

መድኃኒቷን ረስታ ሄዳ በሰው ላክሁላት። ሳይከፈት ተመለሰልኝ።

ታኅሣሥ 13

ጋሼን በፖሊስ ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። በሽቦው ወዲያና ወዲህ። ጢሙን አልተላጨም። ለቤት ምን እንደሚያስፈልግ፣ ለላሟ መኖ ከየት እንደሚገዛ ነገረኝ። እንደ ደህና ቀን። መሄጃዬ ሲደርስ ጠየቀኝ።

"አመዱን ስይዝልሽ... ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

ራሱን ነቀነቀ። ተቆጥቶ ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? "በሉ ሰዓት አለቀ" አለ ፖሊሱ። ሰዓቱ ገና አላለቀም ነበር መሰለኝ። እኔም ግን ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ጥር 18

ፍርድ ቤት።

አብረውት የተከሰሱት ሦስቱ የማሳ ጎረቤቶች ተስማምተው መጥተዋል። እሳቱ የተነሳው ከጋሼ ማሳ ነው፣ ከዚያ ወደ እኛ ተሻገረ አሉ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቃል፣ እንደ መዝሙር። ማስረጃችሁ ምንድነው ሲባሉ ከመካከላቸው ሽማግሌው፦ "ገዛ እህቱ ጽፋበት የለም እንዴ" አለ። ስለ ሦስቱም የጻፍኩት እኔው መሆኔን የጠየቀ የለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄው ነው... ወይስ አይጡ እሱ ነበር? አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር፤ አላውቅም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ዐቃቤ ሕጉ አስቆመኝ። ትሑት ሰው ነው። ብናኙ ምን ያህል እንደነበር ጠየቀኝ። ከግማሽ ኩንታል እስከ ሦስት ኩንታል አልኩ።

"ከዚህ እስከዚህ የሚሉትን ይተዉትና መሃሉን ይንገሩን።"

መሃሉ ብቻውን ምንም እንደማይል ለማስረዳት ጀመርኩ። ዳኛው አቋረጡኝ። መሃሉን ተናገርኩ። ተጻፈ። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ የወንድሜ ማሳ ከተቃጠሉት ውስጥ መሆን አለመሆኑን በአንድ ቃል እንድመልስ ጠየቀኝ።

"ነው" አልኩ።

ጋሼ የሚያየው ጫማውን ነበር። እማዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ስወጣ በአጠገቧ አለፍኩ። እግሯን ሰበሰበች፤ ልብሴ እንዳይነካት።

ጥር 25

አንድ ዓመት ከስድስት ወር። ሦስቱ በነፃ ወጡ።

የካቲት 7

እትዬ ክፍል ቀየረች። ከሌላኛው ፎቅ ጸሐፊ ጋር ተለዋውጣ። ዕቃዋን ስታወጣ ላግዛት ብዬ ካርቶኑን ያዝኩ። ለቀቅ አድርጊው አለችኝ።

መናገር አልነበረብኝም። ተናገርኩ። ለእሷ ብዬ እናቴን እንዳጣሁ፣ አንድም ቀን እንኳ እንዴት ነሽ እንዳላለችኝ ነገርኳት። እንደ ባለ ዕዳ ቆሜ... አይ፣ እንደ አበዳሪ።

ካርቶኑን አስቀምጣ በደንብ አየችኝ። "ወንድምሽን የሰጠሽው ለልጄ ብለሽ ከሆነ፣ ልጄ አልጠየቀችሽም" አለችኝ። በሩ ጋ ደርሳ ደግሞ ተመለሰች። "ሰው ታስሮልኛል ብዬ የምተኛ መሰለሽ? ትናንት ሚስቱን አየኋት። እሷም ጥቁር ለብሳለች።"

አዲሷ ጸሐፊ ጨዋ ልጅ ናት። ስለማንም አትስቅም።

ሚያዝያ 3

ሪፖርቴ ለሌሎች ቅርንጫፎች እንደ ምሳሌ ሊላክ ነው። "በአንድ ጠዋት ጭስ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቶ አያውቅም" አለኝ አይዞሽ። የክፍል አስተባባሪ አደረገኝ። አዲስ ወንበር መጣልኝ፤ የሚሽከረከር።

ሐምሌ 11

ዛሬ ያየሁትን ባላየሁ።

የወቅቱን ካርቦን ለዓመቱ ሪፖርት ስደምር፣ እስካሁን ያልደረሰን የሌላ ሳተላይት ምስል መጣ። ዘግይቶ ነው የሚለቀቀው። የአደጋው ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ የተነሳ። ደመና የለበትም፤ ጉሙም ገና አልወረደም። በወንዙ መታጠፊያ አራቱ ማሳዎች ቀዝቅዘዋል፤ ምንም አይታይባቸውም። ከመንገዱ ዳር ግን፣ ከራሱ ከዝቅታው ውስጥ፣ አንድ ነጥብ አለ። ትኩስ። የመንገድ ጥገና ሠራተኞች ያጨዱትን ሣር የሚከምሩበት ቦታ ነው።

ነፋሱን ጠራሁት። አየው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

የማሳዎቹ ጭስ አልነበረም ማለት አይቻልም። ነበረ። ግን ያ ክምር ከአውቶቡሱ የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው የሚርቀው...

ሐምሌ 12

አይዞሽ ምስሉን ረጅም ጊዜ አየው። ፍርድ ያለቀለት ነገር መሆኑን፣ መሥሪያ ቤቱ ሁለት ቃል ከተናገረ ከእንግዲህ ማንም እንደማያምነው ነገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ "አይዞሽ" ሳይለኝ ወጣሁ።

ሐምሌ 16

ብቻዬን ዐቃቤ ሕጉ ጋ ሄድኩ። ተነስቶ ተቀበለኝ፣ ወንበር ሰጠኝ። ምስሉን አስረዳሁት። ጭሱ ከመንገድ ዳሩ ክምር የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር ነገርኩት።

"ምን ያህል እርግጠኛ ነዎት?" አለኝ።

እርግጠኛ አይደለሁም አልኩት። ምናልባት አብዛኛው...

"ያኔስ እርግጠኛ ነበሩ?"

ያኔም አልነበርኩም።

ፈገግ አለ። እውነቱን ለመናገር የፌዝ ፈገግታ አልነበረም፤ ያዘነልኝ ይመስላል። ታሳሪው ወንድሜ እንደሆነ እንደሚያውቅ፣ እህት ልቧ ቢባባ እንደማይፈርድባት ነገረኝ። ልቤ ባባ! ያኔ ልቤ ደንድኖ ስናገር ባለሙያ ነበርኩ፤ ዛሬ እህት ሆኛለሁ።

ሐምሌ 20

ወህኒ ቤት ሄድኩ። ለጋሼ በራሴ አፍ ልነግረው። ስሙን አስጠራሁ። ጠባቂው ሄዶ ቆይቶ ተመለሰ። "አልወጣም ብሏል" አለኝ። ነገሩ ትልቅ መሆኑን፣ የሚጠቅመው መሆኑን እንዲነግረው ለመንኩት። ሰውዬው ደግ ነው፣ ሁለተኛ ሄደልኝ። "ከእሷ የሚመጣ ጥቅም ይቅርብኝ ብሏል።"

ከዚያ ወደ ሚስቱ ዘንድ ወረድኩ። ግቢው በር ላይ ቆማ አዳመጠችኝ፤ ግቢ አላለችኝም። ምስሉን በወረቀት አትሜ ይዤ ነበር። ዘረጋሁላት። ነጥቡን አሳየኋት።

"ታዲያ ምን ላድርገው?" አለችኝ። "ቀቅዬ ለልጆቹ ላብላቸው?"

ከውስጥ የእማዬ ሳል ይሰማል። ያን ሳል አውቀዋለሁ፤ ደረቷ ድረስ ወርዷል። ልግባ አልኩ። ተኝታለች አለችኝ። የምትስል ሴት ተኝታለች...

ጳጉሜን 2

የይግባኝ ጊዜው አልፏል አሉ። ሌላ በር የለም ወይ አልኩ። አለ አሉ። በሩ ላይ ያለው ሰው ፈቃድ ላይ ነው።

ኅዳር 12

ወቅቱ ገባ። ሰማዩ ያው እጣቢ ነው። ዘንድሮ የተቃጠለው መሬት ካምናው በለጠ፤ ጭሱም፣ ካርቦኑም። ሰው ታስሮ ማንም አልተማረም። የተማሩት ነገር ቢኖር ሳተላይቱ ካለፈ በኋላ ማቃጠል ነው።

እኔም አሁን ስጽፍ "ከዚህ እስከዚህ" የሚለውን በወፍራም ቀለም ነው የምጽፈው። መሃሉን ጨርሶ አልጽፍም። አይዞሽ ሪፖርትሽ ለአንባቢ አይመችም አለኝ። አይመቸው።

ነፋሱ ሥራ ለቆ ሄደ። ሄዶ ሱቅ ከፈተ አሉ።

ታኅሣሥ 8

ጋሼ በአመክሮ ተፈታ። የነገረኝ የለም። ከመሬት አስተዳደር የመጣ ሰው በወሬ መሃል ጣል አደረጋት።

ታኅሣሥ 14፣ እሑድ

ሄድኩ።

መንገድ ላይ ምን እንደምለው ስደረድር ነበር። ይቅርታ? ስለ ምስሉ? ስለ ስድስተኛ ክፍሉ? ሰዎች እንዲህ ያለው ነገር በዕርቅ ያልቃል ይላሉ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይላሉ። ይሰድበኛል፣ አለቅሳለሁ፣ ያልቃል ብዬ ነበር። በዱላ ቢለኝ እንኳ እወድ ነበር።

ማሳው አልታረሰም። ጥቁርም አይደለም። ያልነደደው የአምናው ገለባ ቆሞ ግራጫ ሆኗል፣ በውስጡ አረም በቅሏል። ዙሪያው ያሉት የሦስቱ መሬት ነዶ፣ ታርሶ፣ ተዘርቷል። አረንጓዴ ሆኗል።

በሩን አንኳኳሁ። ራሱ ከፈተው። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ከስቷል ማለት አይቻልም፣ ሰፊ ልብስ የለበሰ ነው የሚመስለው። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግኩ። አጣሁ። ፊቱ ደህና ነው፣ የተረጋጋ ነው... ለእንግዳ የሚሰጥ ፊት።

"እንደምን ዋሉ" አለኝ።

የሰማሁት አልመሰለኝም። "ጋሼ..." አልኩት።

"ይግቡ። ከውጭ ብርድ ነው።" በሩን ይዞ ወደ ጎን ቆመ። "ይቅደሙ።"

ወንድሜ አንቱ አለኝ። በዚህ ዓለም እኔን አንቱ ሊለኝ የማይችል አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ጀርባው ላይ አዝሎ ወንዝ ያሻገረኝ ሰው።

እማዬ በመጋረጃው ወዲያ፣ አልጋዋ ላይ ናት። ዓይኗ እየደከመ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሳለች፣ አረፍ አለች፣ ከዚያ ጠየቀች።

"ማነው?"

ጋሼ ወንበሩን በእጁ እየጠረገ ነበር። አላየኝም።

"ከመሥሪያ ቤት ነው" አላት።

መጋረጃው ቅርብ ነው። እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። እኔ ነኝ እማዬ ልበል? ድምፄን ብትሰማ ታውቀኛለች። ብታውቀኝ ምን ትላለች? ጠበቅኩ። ሌላ አልጠየቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።

"ቁጭ ይበሉ" አለኝ።

ቁጭ አልኩ።